አልገባኝም ያልኩበት ትምህርት

ሱቅ ገብቼ የምፈልገው ዕቃ ፊት ለፊቴ ተደርድሮ እያየሁት፣ ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ «ቆይ፣ እመለሳለሁ» ብዬ የምወጣ ሴት ነበርኩ። ዓይነ አፋርነቴ እስከዚህ ድረስ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ለማታውቃቸው ሰዎች ስለ ራሷ ልትጽፍ መቀመጧ እኔንም ይገርመኛል። ነገር ግን ከልቤ የማይወጣ አንድ ቅዳሜ አለ። ለብቻዬ ይዤው ከረምኩ። ዛሬ እናንተም አንድ ጊዜ ያዙልኝ።

ዘይነባ እባላለሁ። የተወለድኩት ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ቤት ሩቅ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ታመመች፤ የቤቱ ትልቋ ሴት ልጅ እኔ ነበርኩ። በዚያው ቀረሁ። ሰይድን ሳገባ ዘመድ ሁሉ «መምህር አገባች» ብሎ ደስ አለው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን እሱ ስለ ትምህርት ሲያወራ እኔ ዝም ስል፣ ምንም የማላውቅ መሆኔን ያያል ብዬ እፈራ ነበር።

ሰይድ የውርጌሳ ልጅ ነው፤ መርሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበር። የምንኖረው እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንድ ክፍል ነው። እትዬ ብርቄ ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ ሙስሊም። በኛ አገር ይሄ ምንም አይደለም፤ በዒድ እነሱ ይመጣሉ፣ በፋሲካ እኛ እንሄዳለን። ልጃቸው ትዕግስት የሰይድ ተማሪ ናት። የነሱ ክፍልና የኛ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ቀጭን የጭቃ ግድግዳ ነው። ይህን ግድግዳ አስታውሱልኝ።

አንድ ጊዜ ሰይድ ወልድያ ላይ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ዘይኑ፣ ከእንግዲህ ትምህርቱን ገልብጬ ነው የማስተምረው» አለኝ።

ወንበሮቹ ተገልብጠው ታዩኝ። ግን አልጠየቅኩም። እሱ ግን ዝምታዬን ለምዶታልና ራሱ አስረዳኝ። እስከዛሬ መምህሩ ክፍል ውስጥ ሲናገር፣ ተማሪው ሲጽፍ፣ ደወሉ ይደወላል። ልጁ የቤት ሥራውን ይዞ ቤቱ ሲገባ ያልገባውን የሚጠይቀው ሰው የለም። አሁን ግን መምህሩ ትምህርቱን በስልክ ቀድቶ ይሰጣል፤ ልጁ ቤቱ ሆኖ ያየዋል፤ ክፍል ሲመጣ ደግሞ ሥራውን፣ ሙከራውን፣ ጥያቄውን ከመምህሩ ጋር አብረው ይሠራሉ።

ሁሉም ወላጅ አልወደደውም። አንድ አባት መንገድ ላይ አስቁሞት፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ፣

«መምህር፣ ደመወዙን አንተ እየበላህ ስልኩ ነው እንዴ የሚያስተምረው?» አለው።

ሰይድ ሳቀ። «አባባ፣ ስልኩ መናገር ይችላል። መናገር ቀላሉ ነው። ልጅዎ ሲሳሳት አጠገቡ ቁጭ ማለት ግን ስልክ አይችልም። ለሱ ነው እኔን የቀጠሩኝ።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና «አፍስ አለህ» ብሎ ሄደ።

ስልክ የሌላቸው ልጆች ስልክ ካለው ጋር እየተሰበሰቡ ያያሉ። በኛ ግቢ የሚሰበሰቡት ትዕግስት ጋ ነው። ቀረጻው ደግሞ የኔ ሥራ ሆነ። ግድግዳው ላይ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ይሰቅላል፤ እኔ ክርኔን መጻሕፍት ላይ አስደግፌ ስልኩን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ትንፋሼን ሳይቀር አፍኜ ነው የምይዘው። ሁልጊዜ ሲጨርስ የሚላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፦ «የቀረውን ክፍል ውስጥ አብረን እንጨርሰዋለን።» እሷን ሲል ጣቴን አነሳና አጠፋለሁ።

አንድ ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ የሳንባን ትምህርት ቀዳን። አየር እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ነው። ደረትን ሥሎ፣ ከሥሩ አንድ ቀይ መስመር አሰመረ፤ ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ነው አለ። እሱ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይገባል፣ ሲወጣ አየር ይወጣል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ስልክ መያዜን ረሳሁት።

«አልገባኝም» አልኩ። «ሳንባው ራሱ አይደል እንዴ አየሩን የሚስበው?»

ሰይድ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ንቆ አይደለም፤ ልጅ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ እንደሚሳቅ ዓይነት ሳቅ ነው።

«እሰይ! ይቺን ጥያቄ ነበር የምጠብቃት» አለ። «ሳንባ ጡንቻ የለውም። ራሱን ችሎ ምንም መሳብ አይችልም። ድያፍራሙ ሲወርድ ደረት ውስጥ ቦታ ይሰፋል፤ ቦታ ሲሰፋ አየሩ ራሱ ይገባል። ሳንባ የሚሞላው ቦታ ሲለቁለት ብቻ ነው።»

ገባኝ። ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩን ብሎ ስልኩን ሳጠፋ ግን ያደረግኩት ነገር ገብቶኝ ፊቴ ጋለ።

«ቁረጠው» አልኩት ስልኩን እያቀበልኩ። «ድምፄን ቁረጠው።»

«ለምን እቆርጠዋለሁ?»

«ልጆቹ ይስቁብኛል። የመምህሩ ሚስት ይሄን አታውቅም ይላሉ።»

«ዘይኑ፣ ስሚኝ። ክፍል ውስጥ ‹ገባችሁ?› ስላቸው ሁሉም ‹አዎ ቲቸር› ነው የሚሉኝ። ወላሂ ግማሾቹ አልገባቸውም። አልገባኝም የሚል አንድ ሰው አጥቼ ነው የኖርኩት። ዛሬ አገኘሁ፤ እሱም ቤቴ ውስጥ።»

ዓይኔ እንባ ሲሞላ አየና እጁን አነሳ።

«እሺ፣ እሺ። ነገ ከወልድያ ስመለስ እቆርጠዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። አብሽሪ።»

ወልድያ የሚሄደው ፊኛ ሊገዛ ነበር። ሰኞ ክፍል ውስጥ ልጆቹ የሳንባ ሞዴል ሊሠሩ ነው። የውሃ ፕላስቲክ ከሥሩ ይቆረጣል፤ አንድ ፊኛ አፉ ላይ ታስሮ ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ሌላ ፊኛ ተቆርጦ ከሥር ይወጠራል። የታችኛው ሲጎተት የውስጠኛው ይነፋል። መርሳ የነበረው ፊኛ ስስ ሆኖ ሲወጥሩት ይፈነዳ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ከትዕግስት ጋር ሲያወራ ሰማሁ፤ ምን እንዳወሩ ግን ልብ አላልኩም። ከእኩለ ቀኑ የዙህር ሰላት በፊት እመለሳለሁ ብሎኛል። ረፋዱ ላይ ደወለ።

«ዘይኑ፣ አገኘሁት! ወፍራም ፊኛ፣ ቀይና ሰማያዊ። ተሳፍሬያለሁ፣ ሲሪንቃን ሳልፍ እደውላለሁ።»

«ምሳ ልሥራ?»

«ሥሪ እንጂ፣ ርቦኛል።»

ይኸው ነው። የመጨረሻ ቃላችን ስለ ምሳ ነው።

ዙህር አለፈ። አልደወለም። ስደውል መስመሩ አይገባም። መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ። ልጆቹ የሰጡኝን የውሃ ፕላስቲክ አጥቤ በረንዳው ላይ ደረደርኩ። እትዬ ብርቄ ከውጭ ገቡ። በሩን ሲያልፉ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፤ እኔን ሲያዩኝ ቶሎ ብለው አስተካከሉት። ሀዘን ላይ የነበሩ መሰለኝ።

«ማን ሞቶ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«የሩቅ ሰው ነው። አንቺ ምሳ በላሽ?»

«ሰይድን እየጠበቅኩ ነው።»

«እሱ ይደርሳል። ብይ አንቺ።»

ቤታቸው ገብተው ሽሮ ፈትፍተው ይዘው መጡ። አጠገቤ ቁጭ ብለው በእጃቸው ያጎርሱኝ ጀመር። እትዬ ብርቄ ደግ ናቸው፤ ግን እንዲህ አጉርሰውኝ አያውቁም። አፍሬ ስመልስ፣

«በሞቴ! ይቺን ብቻ» ይላሉ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። አቀርቅረዋል።

«እትዬ፣ ዓይንዎ ቀላ።»

«አቧራ ነው። መኪና አለፈብኝ።»

በላሁ። እስክጠግብ በላሁ። ለምን እንደሚያበሉኝ የገባኝ በኋላ ነው። በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው ሳይበላ አይነገረውም። ከሰማ በኋላ ስንት ቀን እንደማይበላ ያውቃሉና።

ውሃ ልደፋ ወደ ግቢው በር ስወጣ፣ ወንዶች አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ ይማም መሐላቸው አሉ። እኔን ሲያዩ ወሬው ተቋረጠ። አንዱ መሬት በእንጨት ይጭራል።

«ሼህ፣ በሰላም ነው?» አልኩ መሬት እያየሁ።

«በሰላም ነው ልጄ» አሉ። ቀጥለው፣ «ወንድምሽ ዛሬ ከተማ ነው ወይስ ገጠር?»

«ገጠር ነው። ምነው?»

«አይ፣ ለሰፈር ጉዳይ ፈልጌው ነው። ግቢ አንቺ፣ ፀሐይ ነው።»

ሼህ ይማም ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ አመንኩ። የተጣላ ሰው ሊያስታርቁ ነው ብዬ ገባሁ። ሰው ልቡ ማወቅ ያልፈለገውን ነገር እንዴት እንደሚሸሽ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ሁሉ ነገር ፊቴ ተደርድሮ ነበር። እኔ ግን ገብቼ ለሰይድ ምሳ የከደንኩትን ሰሃን እንዳይቀዘቅዝ በጨርቅ ጠቀለልኩ።

ያኔ ድምፁን ሰማሁት።

በግድግዳው በኩል፣ ከነትዕግስት ቤት። ሰይድ ያወራል። ቃሉ አይለይም፤ ግን ድምፁ እሱ ነው፤ ያ ሲያስረዳ ቀስ የሚለው ድምፁ። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ዘለልኩ። ፊኛውን ለልጆቹ ሊያሳይ መጀመሪያ እነሱ ጋ ገብቷል፤ እሱ እንዲህ ነው፤ ቤቱ ሳይገባ ተማሪ ጋ ይገባል። ጫማ ሳላደርግ ግቢውን አቋረጥኩ። በራቸው ላይ መጋረጃ አለ። መጋረጃው ጋ ስደርስ፣ ከውስጥ አንዲት ሴት፣

«አልገባኝም» አለች። «ሳንባው ራሱ አይደል እንዴ አየሩን የሚስበው?»

እኔ ነኝ።

ውስጥ ሰይድ ሳቀ። «እሰይ! ይቺን ጥያቄ ነበር የምጠብቃት።» ልጆቹም አብረው ሳቁ።

ስልክ ነው። ሰይድ አልመጣም። ጠዋት በሩ ላይ ከትዕግስት ጋር ቆሞ የነበረው ለካ ትምህርቱን ሊሰጣት ነው፤ ድምፄን ሳይቆርጥ። ተናደድኩ። እንዴት ተናደድኩ! ቆይ ይምጣ፣ አላናግረውም አልኩ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስለ ሰይድ በሕይወት እንዳለ ሰው ያሰብኩት የመጨረሻው ሐሳብ ይሄ ነው። ይምጣ፣ አላናግረውም።

ከኋላ ከኩሽናው በኩል እትዬ ብርቄ እየሮጡ መጡና በጓዳ በር ገቡ። እኔን አላዩኝም።

«ዝጊው!» አሉ። «ዝጊው አንቺ ልጅ! ትሰማለች!»

«ምን አጠፋሁ እማዬ? የቲቸር ትምህርት እኮ ነው፤ ለሰኞ…»

«ዝጊው አልኩሽ! በእመብርሃን ዝጊው!»

ድምፁ ተቆረጠ። ሰይድ ቃሉን ሳይጨርስ ተቆረጠ። ልጆቹ አልገባቸውም። እኔ ግን መጋረጃው ጋ ቆሜ ገባኝ። የአንድ መምህር ትምህርት በቀን ብርሃን የሚዘጋው ለምንድን ነው? የባሌን ድምፅ እንዳልሰማ የሚከለክለኝ ምን ነገር ነው? ነጠላው፣ ሽሮው፣ የሼህ ይማም ጥያቄ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ትዕግስት ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሁለት ጓደኞቿ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። እትዬ ብርቄ ዞር ሲሉ አዩኝ።

«እትዬ» አልኩ። «ምን እንዳልሰማ ነው?»

ቁጭ አሉ። ያኔ ሼህ ይማም ከኋላዬ ገብተው ነበር። የውርጌሳ ሰዎች እስኪደርሱ፣ አስከሬኑም ከወልድያ ሆስፒታል እስኪወጣ ብለው ነው የጠበቁት። ሲሪንቃ ሳይደርስ መኪናው ከመንገድ ወጥቷል።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ልጄ፣ የአላህ ነበር፣ አላህ ወሰደው።»

አልጮህኩም። ሁሉም እንድጮህ ሲጠብቁ አየሁ፤ ትንፋሼ ግን አልገባ አለ። ደረቴ ውስጥ ቦታ አልነበረም። እጄን ወደ ትዕግስት ዘረጋሁ።

«ክፈቺው» አልኳት።

ልጅቷ ስልኩን ይበልጥ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «እትዬ ዘይነባ…»

«ክፈቺው ትዕግስት። ገና አልጨረሰም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። የሴቶች ለቅሶ ግቢውን ሞላው። ከሁሉም በላይ የሚሰማኝ የትዕግስት ድምፅ ነበር፤ «ቲቸር! ቲቸሬ!» ትላለች።

ውርጌሳ፣ አባቱ አጠገብ ቀበሩት። ሴቶች መቃብር አንሄድም፤ ቤት ቀረሁ። ከወልድያ ዕቃውን ሲያመጡልኝ ስልኩ ተሰባብሯል። ጥቁር ፌስታል ግን ምንም ሳይሆን ደርሷል። ለኔ የገዛው ነገር ካለ ብዬ እስከ ሥሩ ፈለግኩ። የለም። ፊኛ ብቻ ነው። ቀይና ሰማያዊ።

በኛ ሃይማኖት ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜዋ እስኪሞላ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ዒዳ ይባላል። ዒዳዬን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከእናቱ ጋር ተቀመጥኩ። እናቱ ሌሊትና ቀን የልጃቸውን የሰላት ምንጣፍ ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤቱ ሌላ መምህር ሰጣቸው፤ ጥሩ ሰው ነው ይላሉ፤ ግን የራሱ ክፍሎች ሞልተውበት ነበርና «መጽሐፉን አንብቡ» ብሏቸው አለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግስትና ጓደኞቿ በሬ ላይ ቆሙ። የውሃ ፕላስቲካቸውን ይዘዋል።

«እትዬ ዘይነባ» አለች ትዕግስት፣ «ሞዴሉን እዚህ በረንዳው ላይ ብንሠራው ቅር ይልሻል? ክፍል ውስጥ አልተሠራም።»

እናቱ ናቸው የመለሱት።

«ግቡ ልጆቼ። የሱ ልጆች አይደላችሁ?»

ፌስታሉን አምጥቼ መሐላቸው አስቀመጥኩ። እጃቸውን ለመክተት ፈሩ። መጀመሪያ እኔ አንድ ቀይ ፊኛ አወጣሁና ለትዕግስት ሰጠኋት።

ስልኩን ምሰሶው ላይ አስደግፈው ከፈቱት። ድምፁ ሲመጣ እናቱ ምንጣፉን ጨበጡ። እኔ ወደ ውስጥ ልሮጥ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እሱ ያስረዳል፤ ልጆቹ ይቆርጣሉ፣ ያስራሉ። የትዕግስት ሠራ። የአንደኛዋ ጓደኛዋም ሠራ። የሦስተኛዋ፣ ሀዋ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፣ የሷ እምቢ አለ። የታችኛውን ትጎትታለች፣ የውስጠኛው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ትምህርቱን መልሰው ከፈቱላት። ሰይድ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ ደገመው። አሁንም እምቢ አለ። ደግመው ከፈቱላት። ያንኑ አለ።

ሀዋ እንደ ልማዷ በትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ ዞር ብላ፣

«ቲቸር፣ የኔ አልሠራም» አለች።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚመጣላቸው። ዞራ ግድግዳ አየች። ፕላስቲኩ ከእጇ ወደቀ። ማንም አላነሳውም። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ።

ለዚያ አባት «ስልክ አይችልም» ያለው ይህን ነበር። ስልክ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ያውቅ ነበር። ስልክ የሚችለውን ሁሉ ተወልን። የማይችለውን ይዞት ሄደ።

ተነስቼ ሀዋ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሰው ፊት እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

«አሳዪኝ» አልኳት።

«ታውቂዋለሽ?» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

«አላውቀውም። እኔም አልገባኝም። አብረን እንየው።»

ፕላስቲኩን አገላበጥነው። ዙሪያውን በጣታችን ዳሰስነው፤ የተሰነጠቀ ነገር አጣን። ወደ ፊቴ አስጠግቼ ሀዋ የታችኛውን ስትገፋው፣ ጉንጬ ላይ ቀጭን ንፋስ ተሰማኝ። አንገቱ ጋ ቀዳዳ ነበረው። እትዬ ብርቄ ከኩሽናቸው ሊጥ አመጡና ደፈንነው። ሀዋ ቀስ ብላ ጎተተች። ሰማያዊው ፊኛ ፕላስቲኩ ውስጥ ሞላ።

ማንም አላጨበጨበም። እናቱ ብቻ «ሱብሐነላህ» አሉ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ትምህርቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ትዕግስት ብድግ ብላ ልትዘጋው እጇን ዘረጋች። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳይላት ነው ልትዘጋው የፈለገችው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሳይነጋገሩ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ እዚያች ጋ ሲደርስ ይዘጉታል።

«ተይው» አልኩ። «ይጨርስ።»

ጨረሰ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ በኋላ ዒዳዬ ሞላ፣ ወጣሁ፣ ሥራም ያዝኩ። አሁን ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን እጠይቃለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ ሲናገር «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» እላለሁ። ትልቅ ነገር አይመስላችሁ ይሆናል። ለኔ ግን ከባሌ የወረስኩት ንብረት እሱ ነው። መርዶዬን የደበቁኝን ሰዎችም ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ያን ጉርሻ ሳስበው፣ እትዬ ብርቄ መርዶዬን በልባቸው ታቅፈው እኔን ያጎርሱ ነበር ማለት ነው። ሊያቆዩልኝ የቻሉት አንድ ምሳ ብቻ ነበር፤ እሱን አቆዩልኝ። ቤታችሁ «አልገባኝም» የሚል ልጅ ካለ ግን አትሳቁበት፤ ከሳቃችሁም ሰይድ እንደሳቀው ሳቁ።

አልዳንኩም። ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ያ ትምህርት ከልጅ ወደ ልጅ እየተቀዳ፣ እሱን አይተውት የማያውቁ አዳዲስ ተማሪዎች ጋ ደርሷል። ድምፄን የቆረጠው ሰው የለም። አንዳንድ ጊዜ ከሥራ ስመለስ፣ መርሳ ውስጥ በማላውቀው ሰው በር ሳልፍ፣ ከውስጥ አንዲት ሴት «አልገባኝም» ስትል እሰማታለሁ። ቀጥሎ የሱ ሳቅ ይመጣል። እቆማለሁ። የሚያየኝ ሰው ምን ይለኛል አልልም። ያ ትምህርት እስኪያልቅ፣ ድያፍራሙ ወርዶ እስኪወጣ፣ እዚያው እቆማለሁ።

መጨረሻ ላይ «የቀረውን ክፍል ውስጥ አብረን እንጨርሰዋለን» ይላል።

እኔም በማላውቀው ሰው አጥር ሥር ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ «አልገባኝም» እለዋለሁ።